ፍራሽ ያቃጠሉ ዕለት

ሰው ትንቂያለሽ ይሉኛል። አልዋሽም፣ እንቃለሁ። ሁሉንም አይደለም፤ አፍንጫው ሥር ያለውን ሳያይ በማኅተም የሚያዝ ሰው ግን እንቃለሁ። ይህ ንቀት አብሮኝ አልተወለደም። የት እንዳገኘሁት አውቃለሁ፤ የዚያን ዕለት ነፋስ እንኳ በየት በኩል ይነፍስ እንደነበር አልረሳሁትም። ልንገራችሁ።

ያኔ ሰው የምፈራ ሴት ነበርኩ። ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ላሊበላ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆኜ ነው። አልጋ አንጣፊ ማለት እንግዳው ሳያያት ገብታ ሳያያት የምትወጣ ሴት ናት። ከረባት ያሰረ ሰው ኮሪደር ላይ ካገኘሁ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አሳልፍ ነበር። ጎብኚ ጠፋና ሆቴሉ ተዘጋ። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ፍራሾቹን «አይጥ ከሚበላቸው አንቺ ውሰጂያቸው» ብለው ሰጡኝ። እኔም አብራኝ አልጋ ታነጥፍ የነበረችውን ዘነበችን ይዤ ከቤቴ ጓሮ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አሮጌውን ፍራሽ እንተረትረዋለን። ጥጡን በፈላ ውኃ አጥበን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ከዚያ እንነድፈዋለን። ስፖንጁን ደህና ደህናውን መርጠን እንከትፈዋለን። ሞላ ያለው ከሆነ ሞላውን ለቀጥቃጭ እንሰጣለን። አዲስ ልብስ ሰፍተን፣ ሞልተን፣ በወፍራም መርፌ እንወጥረዋለን። የሚገዛን ብዙ ነበር። ቁርበት ላይ ሲተኛ የኖረ ገበሬ፣ ልጅ የዳረች እናት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለገና እንግዳ የሚያሳድር የከተማ ሰው። ትኋን ያለበትን አንነካም። ከሕመምተኛ ቤት የወጣውንም አንነካም። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ እኛም ሰው ነን፣ እንተኛለን።

ሰው ፈሪ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ስለዚህ ፈቃድ ለማውጣት ሄድኩ። የሄድኩበትን ቦታ ስሙ ረጅም ስለሆነና በየጊዜው ስለሚለወጥ «ጽሕፈት ቤቱ» እያልኩ ላውራ። የተቀበለኝ ኃላፊው ራሱ ነው፤ አቶ ስንታየሁ ይባላል። ዕድሜው ከእኔ በጣም ያንሳል። ያኔ «እሳቸው» ነበር የምለው፤ አሁን ግን አፌ እምቢ ስለሚል «እሱ» ልበለው።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለኝ።

«አሮጌ ፍራሽ እናድሳለን ጌታዬ።»

«አሮጌ ፍራሽ ማደስ የሚባል የሥራ ዘርፍ የለም።»

«እኛ እኮ እየሠራነው ነው።»

«ዘርፉ ስለሌለ ፈቃድ አይሰጥበትም። ያለ ፈቃድ መሥራት ደግሞ ክልክል ነው።»

«እንግዲያ ምን ይሻለናል?»

«ጠብቁ። መመሪያ ይመጣል።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ምን ስለሰጠኝ እንዳመሰገንኩት እስካሁን አላውቅም።

መመሪያው መጣ። የመጣው በታኅሣሥ፣ ለገና የሚሆነውን ሁሉ ሰፍተን ጨርሰን ግቢው ሙሉ ፍራሽ በተደረደረበት ሰሞን ነው። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አቶ ስንታየሁ፣ አንድ ፖሊስ፣ ጀርባው ላይ የመርጫ ፓምፕ ያዘለ የጤና ባለሙያ፣ ከኋላ ደግሞ ካሜራ ያነገበ ልጅ። አቶ ስንታየሁ ወረቀት አውጥቶ እንደ ወንጌል ቆሞ አነበበልን። ያገለገለ ፍራሽ ለጤና ጠንቅ የሆነ ቆሻሻ ነው። መሰብሰብም ማደስም መሸጥም አይቻልም። የሚወገደው ፈቃድ ባለው አስወጋጅ ድርጅት ብቻ ነው።

ዘነበች እንደ እኔ አትፈራም። «ፈቃድ ያለው አስወጋጅ የት ነው ያለው?» አለችው።

«በአካባቢያችን እስካሁን ፈቃድ ያገኘ የለም።»

«ታዲያ ማን ሊያስወግደው ነው?»

«እኛ።»

«እናንተ ፈቃድ አላችሁ?»

አልሰማትም። ካሜራ ያነገበው ልጅ ከየት ጎን እንደሚያነሳው እያሳየው ነበር።

እኔ ደግሞ ልመና ጀመርኩ። «ጌታዬ፣ እባክዎ አንዱን ከፍቼ ላሳይዎት። በፈላ ውኃ የታጠበ ጥጥ ነው። አሽትተው ይዩት።»

ወደ ፍራሹ ቀረበና በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገው። በእጁ አይደለም። «አንቺ ሴትዮ፣ መመሪያው ይከፈት አይልም» አለኝ። እስክሪብቶውን በመሐረብ ጠርጎ ኪሱ ከተተ። በዚያው እስክሪብቶ ነው ቀኑን ሙሉ ሲፈርም የዋለው።

ፍራሾቹን በጭነት መኪና ጫኑ። በራችን ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉ። የምንሠራበት ጓሮ ታሸገ ማለት ነው። እኛም እዚያው ማልቀስ ይገባን ነበር፤ ግን ለማልቀስም ፋታ አልሰጡንም። «ባለንብረቶቹ ርክክቡ ላይ ይገኙ፣ ለቪዲዮው ያስፈልጋሉ» ተባለና ከጭነቱ ላይ ወጣን። የገዛ ፍራሻችን ላይ ተቀምጠን፣ ሊያቃጥሉት እየወሰዱን፣ ከተማው መሀል አለፍን። ሰው ሠርግ የምንሄድ መስሎት እጁን አውለበለበልን።

ከተማው ውስጥ ጭስ አይፈቀድም፤ ቤተ ክርስቲያኖቹን ይጎዳል። ይህ እውነት ነው፣ አልከራከርም። ስለዚህ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ወጣ አሉና አንድ ሜዳ ላይ አቆሙ። ሜዳው ጥግ አውድማ አለ። አውድማው ዳር የገብስ ክምርና የባቄላ ክምር ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ በሬዎቻቸውን እያዞሩ ገብስ ያበራያሉ፤ ባለቤታቸው ገለባ ይሰበስባሉ። አያ ደምሌ ይባላሉ። ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። መንሻቸውን እንደያዙ ወደ እኛ መጡ።

«ደህና ዋላችሁ ጌቶቼ። እሳት ልታነዱ ነው?»

«ቆሻሻ ልናስወግድ ነው አባት» አለ አቶ ስንታየሁ።

«መልካም። ግና ነፋሱ ወደ አውድማዬ ነው የሚነፍሰው። ገብሷን እስካስገባ ታገሱኝ። ዛሬና ነገ ብቻ።»

«ቦታውን የመረጠው ኮሚቴ ነው።»

«ኮሚቴው መቼ መጣ? እኔ ከዚህ ሜዳ ወጥቼ አላውቅም፣ አላየሁትም።»

«በካርታ ነው የመረጠው።»

አያ ደምሌ ሰማዩን አዩ፣ እኛን አዩ። ወደ በሬዎቻቸው ግን አልተመለሱም። መንሻቸውን ተደግፈው እዚያው ቆሙ።

ፍራሾቹ ወርደው ተከመሩ። ባለሙያው ከመኪናው በርሜል ውኃና በረኪና ቀላቅሎ ይረጭ ጀመር። የጥጡን ፍራሽ ሁሉ እስኪንጠባጠብ ድረስ አራሰው። ስፖንጆቹ ጋ ሲደርስ በርሜሉ አለቀ። ዘነበች ጠጋ ብላ፣ «ልታቃጥሉት አይደል? ለምን ታርሱታላችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

ግራ ቀኙን አይቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንዱ አንቀጽ ፀረ ተባይ ይረጭ ይላል፤ አንዱ አንቀጽ ይቃጠል ይላል። ሁለቱንም መፈጸም አለብን» አላት። ባለሙያው ክፉ ልጅ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል።

አቶ ስንታየሁ ካሜራው ፊት ቆሞ ስለ ኅብረተሰብ ጤና ተናገረ። ከዚያ ክብሪት ጭሮ ጣለ። ጠፋ። ደግሞ ጣለ። ጠፋ። የራሰ ጥጥ በክብሪት አይነድም። ካሜራ ያነገበው ልጅ መሳሪያውን አውርዶ ጠበቀ። የጭነት መኪናው ሾፌር ናፍጣ አመጣ፤ ፈስሶ ጨሰ እንጂ አልነደደም። ያን ጊዜ ነው አቶ ስንታየሁ «ቤንዚን አምጣ» ያለው። ሾፌሩ «ነፋስ ተነሥቷል፣ ይቅር» አለው። «ቀረጻው ሊያልቅ ነው» ብሎ መለሰለት። ቤንዚኑ ያልራሱት ስፖንጆች ላይ ፈሰሰ።

እሳቱ አልተቀጣጠለም፤ ፈነዳ ብል ይቀለኛል። ጥቁር ጭስ ወጣና ቀኑ ደበዘዘ። ስፖንጅ ሲነድ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጨርቁ ደግሞ ይበራል። የከሰዓቱ ነፋስ አንዱን የነደደ ጨርቅ አንሥቶ ወሰደው። ሁላችንም ቀና ብለን እናየዋለን። አየር ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ዝቅ አለ፣ የባቄላው ክምር ላይ አረፈ።

የደረቀ ባቄላ ልመና አይፈልግም። ወዲያው ተያያዘ። ከክምሩ ሥር ያለው ገለባም ተያያዘና እሳቱ መሬት ለመሬት ወደ ገብሱ መጣ። አያ ደምሌ ሮጡ። ባለቤታቸው በሬዎቹን ፈትተው እየጮኹ አባረሯቸው። ፖሊሱ «ወደ ኋላ ሁኑ» እያለ እኛን ይገፋል፤ እኛ ከኋላ ነን። ባለሙያው ባዶ ፓምፑን እንዳዘለ ወዲህ ወዲያ ይላል። ካሜራ ያነገበው ልጅ ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ የተራራውን ገጽታ ያነሳል፤ ቃጠሎው ቪዲዮው ውስጥ እንዳይገባ መሆኑ ነው። አቶ ስንታየሁ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። ማንን ሊጠይቅ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

እኔም ደርቄ ቆሜ ነበር። የምፈራ ሴት ነኝ። አንድ ነገር ግን ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ የራሱት የጥጥ ፍራሾች እሳቱ ዳር ሆነው ይጨሳሉ እንጂ አይነዱም። ውኃው ሩቅ ወንዝ ውስጥ ነው። እዚህ ያለ ውኃ ያ ብቻ ነው፣ ፍራሹ ጥጥ ውስጥ። ዘነበችን ጎተትኳት። አንዱን ጫፍና ጫፉን ይዘን አምጥተን የሚሮጠው እሳት ላይ ጣልነው። ጨስ አለና ከሥሩ ያለው ጠፋ። የአያ ደምሌ ባለቤት አይተው መጡና ከዘነበች ጋር ሁለተኛውን አነሡ። አያ ደምሌ በቅጠል እየደበደቡ ዳር ዳሩን ይይዛሉ። እኔ ሦስተኛው ጋ ብቻዬን ቀረሁ። የራሰ ፍራሽ እንደ ሬሳ ይከብዳል። ቀና ስል አጠገቤ ያለው ሰው አንድ ነው።

«አንተ» አልኩት።

«አቤት» አለ አቶ ስንታየሁ።

«ስልኩን ክተትና ጫፉን ያዝ።»

ያዘ። እየጎተትን ሄድን። ተመልሰን ሌላ አመጣን፣ ደግሞ ሌላ። እንደ ግንብ በባቄላውና በገብሱ መሀል ደረደርናቸው። ለገና ብለን የሰፋናቸው ፍራሾች፣ በጥለት ዳር ዳራቸውን ያስዋብናቸው፣ እሳቱ ላይ ጭቃ ሆኑ። ሲያስለኝ ያስለዋል፣ ስጎትት ይጎትታል። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ጎበዝ ነበር። በሥራ ዘመኑ የሠራው አንድ እውነተኛ ሥራ እሱ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ግን አልገባም።

ባቄላው ሙልጭ ብሎ ነደደ። ገብሱ ተረፈ።

አያ ደምሌ አመዱ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። አቶ ስንታየሁ እጁ ጠቁሮ፣ የኮቱ እጅጌ ተለብልቦ ቀረብ አላቸውና «አባት…» ብሎ ጀመረ። ምን ሊል እንደነበር ለማወቅ ብዙ እከፍል ነበር። ያን ጊዜ ግን ኔትወርኩ መጣና ስልኩ ጠራ። ፈንጠር ብሎ አነሣው። «አዎ ክቡርነትዎ። አዎ፣ በሰላም ተጠናቋል» ሲል ሰማሁት። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ውስጥ ገባ። ሁሉም ገቡ። የጭነት መኪናውም ሄደ። እኔና ዘነበች እዚያው ሜዳ ላይ ቀረን።

አያ ደምሌ እኛን ሲያዩ ከመሬት ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልጆቼ፣ በእኔ ምክንያት ፍራሻችሁን አስፈጀኋችሁ። ይቅር በሉኝ» አሉን።

በዚያ ቀን ይቅርታ የጠየቁ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእግራችን ከተማ ገባን። ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ዘረጋልን፤ ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። «ለጤና ጠንቅ የነበሩ ፍራሾች በኅብረተሰቡ ንቁ ተሳትፎ ተወገዱ» ይላል። መጨረሻ ላይ፣ ልጁ መቼ ዞሮ እንዳነሣን እንጃ፣ እኔና ዘነበች ፊታችን ጥላሸት መስሎ፣ ፍራሽ ስንጎትት እንታያለን። ኅብረተሰቡ እኛ ነን።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ አስጠራኝ። አቶ ስንታየሁ አዲስ ኮት ለብሷል። ቅንድቡ ጫፍ ግን ተቃጥሎ ነበር።

«ማንጠግቦሽ፣ የትናንቱ ሥራ ከበላይ ተመስግኗል» አለኝ። «አሁን ካሜራ ፊት፣ ፍራሾቹን ወድደን አስረከብን፣ ጉዳቱን ተረድተናል ብለሽ ትናገሪያለሽ። እኔ ደግሞ የፈቃዱን ነገር አይልሻለሁ።»

«ወድጄ አላስረከብኩም።»

«እንደዚያ ማለት ምን ይጎዳሻል?»

«ለአያ ደምሌ ባቄላ ምን አሰብክ?»

«እሱ በሌላ ዘርፍ የሚታይ ጉዳይ ነው» አለና ቆም አለ። «ቆይ፣ አንተ እያልሽ ነው እንዴ የምታናግሪኝ?»

«ትናንት አንተ ስልህ አቤት ብለኸኛል» አልኩት።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ተመልሶ አልገባም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የሚቆጣ መሰለኝና ጠበቅሁ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ አቃና፣ ደግሞ አቃና፣ «በይ ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ። እጅ አልነሣሁም።

በቀጥታ ወደ ቤቴ ሄጄ፣ መንገደኛው እያየ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በምላጭ ቀድጄ ጣልኩት። ዘነበች እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ያስሩናል» አለች።

«ይሰሩን። እስር ቤትም ፍራሽ ሳያስፈልገው አይቀርም።»

ማንም አልመጣም። ሳምንቱም አለፈ፣ ገናም አለፈ፣ ማንም አልመጣም። ከገናው በፊት አያ ደምሌ የተለበለቡትን ፍራሾች በአህያ ጭነው አመጡልን፤ ፈትተን ደህናውን ጥጥ ለይተን አጠብን። እንግዳ የሚያሳድረው ሰው ያደረስነውን ያህል ወሰደ፤ ያላገኘው ድርቆሽ አነጠፈ። ለአያ ደምሌ የባቄላ ዘር ያዋጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። «ሌላው ዘርፍ» እስካሁን ጉዳያቸውን እያየው ነው።

አንባቢዎቼ፣ ይህች ሴት ደንብ ጠላች እንዳትሉኝ። ያገለገለ ፍራሽ ደንብ ያስፈልገዋል። ትኋን ያለበትን ጨርቅ ገልብጦ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ አለ፤ ከበሽተኛ ሥር የወጣውን ለጤነኛ የሚያነጥፍም አለ። እነሱን የሚከለክል ሕግ ቢመጣ መጀመሪያ የምታጨበጭበው እኔ ነኝ። የምንቀው ሕጉን አይደለም። የምንቀው ፍራሹን በእስክሪብቶ ጫፍ የሚነካውን ነው፤ አርሶ የሚያቃጥለውን፤ ነፋሱን ቆሞ እያየ ካርታው ላይ የለም የሚለውን። በፊት እንደዚህ ያለውን ሰው የምፈራው እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር የሚያውቅ እየመሰለኝ ነበር። ከኮቱ በስተጀርባ አንድ ትልቅ ምሥጢር ያለ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ከኮቱ በስተጀርባ ያየሁት ኔትወርክ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ፍርሃቴ እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ። በቦታው የገባው ንቀት ያምራል አልልም፤ ግን ቀጥ ብዬ እንድሄድ አድርጎኛል። ስብሰባ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ የማውቀውን እናገራለሁ፣ «ጠቃሚ አስተያየት ነው» ይሉኛል፣ ቆሎ በልቼ እመለሳለሁ። ፈቃዱ ጥናት ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ዝናብ አባርቶ ጥጥ ስነድፍ አንድ ሰው በራፌ ላይ ቆመ። አቶ ስንታየሁ ነው። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ሲባል ሰምቼ ነበር። ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እንደምን ከረሙ?» አለኝ።

«ደህና። ምን ልርዳህ?»

እናቱ ከኩልመስክ መጥተው እሱ ዘንድ ናቸው። ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ጀርባቸው በመኝታ ብዛት ቆስሏል። ከሱቅ የገዛው ስፖንጅ ሙቀት ይይዛል፣ ጎኑም ይሰረጉዳል። የሐኪም ቤት ሴት ጥጥ ይሻላል ብላዋለች። ይህን ሁሉ የነገረኝ መሬት መሬት እያየ ነው።

«ያለኝ ያገለገለ ጥጥ ነው። ፈቃድም የለኝም። ትወስደዋለህ?» አልኩት።

«እወስደዋለሁ።»

እናቱ በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ፣ ቁስሉ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅሁት። ማወቁንስ ያውቃል፤ በእጁ የራሱን ወገብ እየነካ አሳየኝ። እሱ ከሄደ በኋላ የተሻለውን ጥጥ መረጥኩ። ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ቁስሉ የሚያርፍበትን ቦታ ለስለስ አድርጌ ሞላሁት፣ ስፌቱ እንዳይቆረቁራቸው ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ታች አደረግሁት። ዘነበች ሥራዋን ትታ ታየኝ ጀመር።

«ለዚያ ሰውዬ ነው እንዲህ የምትጠበቢው? አሁን አልንቀውም ልትይኝ ነው?»

«እሱንማ እንቀዋለሁ» አልኳት፣ መርፌውን እየሳብኩ። «እናቱ ግን መመሪያ አልጻፉም።»